የቡችላ የመጀመሪያዎቹ 16 ሳምንታት፦ የውሻ አያያዝ ለቤተሰብና ለማኅበረሰብ ጤና ያለው ፋይዳ

አጠቃሎ

በኢትዮጵያ ውሻ በአብዛኛው የሚያዘው ቤትንና ከብትን እንዲጠብቅ ነው። ለጤናው የሚሰጠው ትኩረት ግን ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከታመመ ወይም ሰው ከነከሰ በኋላ ነው። ይህ ጽሑፍ የቡችላን የመጀመሪያ 16 ሳምንታት መነሻ አድርጎ እንገር፣ ክትባት፣ ማላመድ፣ የሆድ ትላትል ሕክምና፣ አመጋገብና የገላ ንጽሕና እንዴት እርስ በርሳቸው እንደሚያያዙ ያብራራል። ዋና ጭብጡም የሚከተለው ነው፤ ቡችላ ከሰውና ከአካባቢው ጋር የሚላመድበት ወቅት የሚያበቃው የክትባቱ ዙር ከመጠናቀቁ በፊት ስለሆነ፣ አንዱን ለሌላው መሥዋዕት ሳያደርጉ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ያስፈልጋል። በተጨማሪም ከ3 ወር በታች ያሉ ቡችሎች ከእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ዘመቻ መዘለላቸው የሚያስከትለው ክፍተት ይመረመራል።

ቁልፍ ቃላት፦ ቡችላ፣ እንገር፣ ክትባት፣ ማላመድ፣ የእብድ ውሻ በሽታ፣ ጥገኛ ትላትል

1. መግቢያ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ውሻና ቤተሰብ የተሳሰሩበትን ያልተጻፈ ውል በአጭሩ ይገልጻል። ቤቱ ያበላዋል፤ እርሱም ቤቱን ይጠብቃል። በዚህ ውል ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነሣው የውሻው ጤና ነው። በብዙ ግቢዎች ቡችላ የሚመጣው ጡት በቅጡ ሳይጥል ነው፤ ከዚያም በሰንሰለት ይታሰራል፣ ከገበታ የተረፈ ይሰጠዋል፣ ሐኪም ዘንድ የሚወሰደውም ማስታወክ ወይም መናከስ ሲጀምር ነው።

የዚህ ቸልታ ዋጋ በውሻው ብቻ አያበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት የእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን እንደሚገድል ይገምታል። ከእነዚህ ከ95 በመቶ የሚበልጡት በእስያና በአፍሪካ የሚኖሩ ናቸው። በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች 99 በመቶ ያህሉ ምንጫቸው ውሻ ነው፤ በበሽታው በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች ውስጥም 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። በኢትዮጵያ በሽታው አዲስ አይደለም፤ የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1903 ስለተከሰተው ወረርሽኝ ጽፈዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም በሽታው የከተማውም የገጠሩም ሥጋት ሆኖ ቀጥሏል።

የውሻ አያያዝ ምክር በአብዛኛው «አድርግ፣ አታድርግ» በሚል ዝርዝር ይቀርባል። ዝርዝሩ ጠቃሚ ቢሆንም ምክንያቱ ካልተገለጸ በቀላሉ ይረሳል ወይም በከፊል ብቻ ይፈጸማል። ስለዚህ በሚከተሉት ክፍሎች ከእያንዳንዱ ተግባር ጋር ሥነ ሕይወታዊ መነሻው አብሮ ይቀርባል።

2. ከልደት እስከ ጡት መጣል፦ ሙቀትና እንገር

ቡችላ ሲወለድ ዐይኑም ጆሮውም ዝግ ነው። ዐይኑ የሚገለጠው በአማካይ ከ10 እስከ 14 ባሉት ቀናት ሲሆን ጆሮው የሚከፈተው ከዚያ ጥቂት ዘግይቶ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሰውነቱን ሙቀት ራሱ መቆጣጠር አይችልም፤ ተንቀጥቅጦ ሙቀት ማመንጨትም ገና አልጀመረም። በመጀመሪያው ሳምንት የሚተኛበት ስፍራ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢሞቅ ይመረጣል። በደጋው አካባቢ በተለይም በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ከቤት ውጭ የተወለዱ ቡችሎች ለሞት የሚጋለጡት ብዙውን ጊዜ በብርድ ነው። ከንፋስ የተከለለ ሣጥን፣ ደረቅ ጆንያ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ሙቅ ውኃ የያዘ ጠርሙስ በቂ መከላከያ ሊሆኑ ይችላሉ። ቡችሎቹ ሲሞቃቸው ገለል የሚሉበት ቦታ ግን ሊኖር ይገባል።

ሰውነቱ የቀዘቀዘ ቡችላ ወተት ሊሰጠው አይገባም፤ አስቀድሞ ቀስ በቀስ መሞቅ አለበት። ሰውነት ሲቀዘቅዝ የአንጀት እንቅስቃሴ ይቆማል፣ የመዋጥ ችሎታም ይዳከማል፤ በዚህ ሁኔታ የተሰጠ ወተት ሳይፈጭ ይቀራል ወይም ወደ ሳንባ ይገባል።

ሁለተኛው መሠረታዊ ጉዳይ እንገር ነው። ከእናቲቱ ደም ወደ ፅንሱ የሚተላለፈው ፀረ እንግዳ አካል ጥቂት ነው፤ አብዛኛው የሚተላለፈው ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያው ወተት ነው። የቡችላው አንጀት እነዚህን ትልልቅ የፕሮቲን ሞለኪውሎች እንዳሉ ወደ ደም የሚያሳልፈው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ብቻ ነው፤ ይህ ችሎታ በየሰዓቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ደካሞቹን ወደ እናታቸው ጡት ማስጠጋት ማንኛውም መድኃኒት የማይተካው እርዳታ ነው። እናቲቱ ከመፀነሷ በፊት ተከትባ ከነበረ ደግሞ እንገሯ የያዘው መከላከያ የበለጸገ ይሆናል።

እናት የሞተችባቸው ቡችሎች አብዛኛውን ጊዜ የላም ወተት ይሰጣቸዋል። የውሻ ወተት ከላም ወተት ይልቅ በፕሮቲንም በስብም ከእጥፍ በላይ የበለጸገ ነው፤ የላም ወተት ብቻውን ሲሰጥ ቡችላው ሆዱ እየሞላ አይፋፋም፣ በውስጡ ያለው ስኳርም ተቅማጥ ሊያስከትል ይችላል። ለቡችሎች የተዘጋጀ ምትክ ወተት ከተገኘ እርሱ ይመረጣል። እናት የሌለው ቡችላ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ራሱን ችሎ እንደማይሸናም መታወቅ አለበት፤ ከእያንዳንዱ ጡጦ በኋላ በለብ ያለ ውኃ በራሰ ጨርቅ ከሆዱ በታች በቀስታ ማሸት እናቲቱ በምላሷ የምትሠራውን ሥራ ይተካል።

ለስላሳ ምግብ ከ3ኛው ወይም ከ4ኛው ሳምንት ጀምሮ ሊቀርብ ይችላል። ከእናቱና ከወንድም እኅቶቹ መለየት የሚገባው ግን በ8ኛው ሳምንት ገደማ ነው። በ4 ወይም በ5 ሳምንቱ የሚለይ ቡችላ ከጨዋታ የሚገኘውን ትልቅ ትምህርት፣ ይኸውም የንክሻውን ኃይል መመጠንን፣ ሳይማር ይቀራል።

3. ሁለት የጊዜ ገደቦች፦ ክትባትና ማላመድ

ከእንገር የተገኘው መከላከያ ጊዜያዊ ነው። ፀረ እንግዳ አካሉ በየ10 ቀኑ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። መጠኑ እየወረደ ሲሄድ አንድ አስቸጋሪ ወቅት ይፈጠራል፦ የቀረው ፀረ እንግዳ አካል በሽታውን ለመከላከል አይበቃም፤ ነገር ግን በክትባቱ ውስጥ ያለውን የተዳከመ ቫይረስ ለማክሸፍ ይበቃል። ቡችላው በዚህ ወቅት ቢከተብም ክትባቱ ላይሠራ፣ ለበሽታ ግን ሊጋለጥ ይችላል።

ይህ ክፍተት በየትኛው ሳምንት እንደሚከሰት ከውጭ በማየት መናገር አይቻልም። አንዱ ቡችላ በእንገር ያገኘው መጠን የሌላውን አራት እጥፍ ከሆነ፣ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ለመውረድ 20 ያህል ተጨማሪ ቀናት ያስፈልጉታል። ከአንድ እናት በአንድ ቀን የተወለዱ ቡችሎች እንኳ በዚህ ይለያያሉ። የክትባት መመሪያዎች ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ጀምሮ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ፣ እስከ 16ኛው ሳምንትና ከዚያም በላይ ደጋግሞ መከተብን የሚያዝዙት ለዚህ ነው። በተደጋጋሚ የሚከተበው አንዱ ክትባት ስለማይበቃ ሳይሆን፣ ከተሰጡት መካከል ቢያንስ አንዱ ክፍተቱ ካለፈ በኋላ እንዲውል ነው። የመጨረሻው ክትባት ከ16ኛው ሳምንት በፊት ከተሰጠ ዙሩ እንደተጠናቀቀ መቁጠር ስሕተት ነው።

ከሚከላከሏቸው በሽታዎች ዋነኞቹ ፓርቮና ዲስቴምፐር ናቸው። የፓርቮ ቫይረስ በውሾች ላይ በዓለም ዙሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ ማስታወክና ፈጣን የፈሳሽ እጥረት ያስከትላል። ቫይረሱ በአፈርና በወለል ላይ ለብዙ ወራት ሊቆይ ይችላል፤ በተራ ሳሙናም አይሞትም። ቡችላ የሞተበት ግቢ በአንድ እጅ በረኪናና በ30 እጅ ውኃ ውሕድ ሊታጠብ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። በረኪና ግን በቆሻሻ ላይ አቅሙ ስለሚዳከም አስቀድሞ ወለሉ መጽዳት አለበት።

ሁለተኛው የጊዜ ገደብ የባሕርይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ፍሪድማን፣ ኪንግና ኤልየት ባሳተሙት ጥናት ቡችሎች ከሰው ርቀው በታጠረ መስክ እንዲያድጉ ተደርጎ፣ በተለያየ ዕድሜ ከሰው ጋር እንዲገናኙ ተደረገ። እስከ 14ኛው ሳምንት ሰው ሳይቀርባቸው የቆዩት ከዚያ በኋላ ሰውን እንደ ፈሩ ቀሩ። ስኮትና ፉለር እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍም ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ውሻ የማኅበራዊ ትስስሩን መሠረት የሚጥልበት መሆኑን አስረድተዋል።

እንግዲህ ችግሩ ግልጽ ነው። የማላመጃው ወቅት በ12ኛው ወይም በ14ኛው ሳምንት ይዘጋል፤ ክትባቱ የሚጠናቀቀው በ16ኛው ነው። ክትባቱ እስኪያልቅ ተዘግቶበት የቆየ ቡችላ ከፓርቮ ይድን ይሆናል፤ ነገር ግን ሕፃናትን፣ እንግዳንና የመኪና ድምፅን የሚፈራ፣ ከፍርሃቱም የተነሣ የሚናከስ ውሻ ሆኖ ሊያድግ ይችላል። በየመንገዱ የሚለቀቀው ደግሞ ከውሻ ዐይነ ምድር ቫይረሱን ያነሣል። የአሜሪካ የእንስሳት ሕክምና የባሕርይ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መግለጫ፣ ቡችሎች የመጀመሪያውን ክትባት ከወሰዱ ቢያንስ ከ7 ቀናት በኋላ፣ ንጹሕና ቁጥጥር ባለበት ስፍራ ማላመድ እንዲጀመር መክሯል።

ይህ ምክር በኢትዮጵያ ሁኔታ በቀላሉ ይፈጸማል። ቡችላውን መሬት ሳያስነኩ አቅፎ በሰፈር መዘዋወር፤ ልዩ ልዩ አለባበስ ያላቸውን ሰዎች፣ ጥላና ምርኩዝ የያዙ አረጋውያንን፣ የደንብ ልብስ የለበሱ ተማሪዎችን ማሳየት፤ የተከተበ ጤነኛ ውሻ ካለው ጎረቤት ግቢ ማጫወት፤ የበግና የዶሮ ድምፅ ማስለመድ፤ በየዕለቱ ጆሮውን፣ መዳፉንና አፉን መዳሰስ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። «ኃይለኛ እንዲሆን» ታስቦ ከልጅነቱ ጀምሮ በአጭር ሰንሰለት የሚታሰር ቡችላ የሚማረው ጥበቃን ሳይሆን ፍርሃትን ነው። ፈሪ ውሻ ወዳጅን ከጠላት አይለይም፤ ሰንሰለቱ የተበጠሰ ዕለት ከሚነከሱት መካከል የቤቱ ልጆች ይገኙበታል።

4. የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትና የቡችሎች መዘለል

ከእብድ ውሻ በሽታ የሚከላከለው ክትባት በአብዛኛው እንዲሰጥ የሚመከረው በ12ኛው ሳምንት ሲሆን ከአንድ ዓመት በኋላ ይደገማል። በሐኪም ቤት ለሚታይና ተመልሶ ለሚመጣ ውሻ ይህ ተገቢ ነው። በዘመቻ መልክ በሚሰጥ ክትባት ግን ውጤቱ ሌላ ነው። በሽታው በውሾች መካከል የሚያደርገውን ዝውውር ለመግታት 70 በመቶ የሚሆኑት ውሾች መከተብ አለባቸው። ለምሳሌ በአንድ ቀበሌ ካሉ 100 ውሾች 25ቱ ከ3 ወር በታች ያሉ ቡችሎች ናቸው እንበል። እነርሱ ተዘለው ከቀሪዎቹ 75 ውስጥ 85 በመቶው ቢከተቡ፣ የተከተቡት ድምር 64 ገደማ ነው። ዘመቻው በትጋት ተካሂዶም ከሚፈለገው ደረጃ በታች ይቀራል።

የዓለም ጤና ድርጅት በዘመቻ ወቅት ከ3 ወር በታች ያሉ ቡችሎችም እንዲከተቡ የሚመክረው ይህን በማገናዘብ ነው። በተለይም ያልተከተቡ እናቶች በሚበዙበት አካባቢ ቡችሎች ከእንገር የሚያገኙት ክትባቱን የሚያከሽፍ ፀረ እንግዳ አካል ጥቂት ወይም ከናካቴው የሌለ ስለሚሆን፣ የመዝለሉ ምክንያት ራሱ ይዳከማል። የሚቀጥለው ዘመቻ ከአንድ ዓመት በኋላ ከሆነ ደግሞ ዛሬ የተዘለለው ቡችላ አድጎ፣ ከቤት ወጥቶ፣ ከሌሎች ጋር ተናክሶ ሳይከተብ ዓመቱን ይሞላል።

ቡችላን በተመለከተ አንድ የተለመደ መዘናጋት አለ። የቡችላ ንክሻ ትንሽ ስለሆነ እንደ ጨዋታ ይታያል። ሆኖም በሽታው የያዘው ቡችላ በለሐጩ ቫይረሱን እንደ ትልቅ ውሻ ያስተላልፋል። በሽታው በሰው ላይ ምልክት ካሳየ በኋላ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ይገድላል፤ ምልክቱ እስኪታይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ስለሚፈጅ ለመከላከል ጊዜ አለ። የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። የባህል መድኃኒት ፍለጋ የሚባክነው ጊዜ ሕይወት የሚያስከፍል ነው። ውሻው በሕይወት ካለ መግደል ሳይሆን አስሮ ለ10 ቀን መከታተል የሕክምናውን ውሳኔ ይረዳል።

የቤት ውሻ መከተብ ከሰው አልፎ ለዱር እንስሳም ይተርፋል። በዓለም ላይ ቁጥሩ ከ500 የማይበልጥ እንደሆነ የሚገመተው ቀይ ቀበሮ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚኖረው በባሌ ተራሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 ከእረኞች ውሾች በተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አልቀዋል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ዲስቴምፐርም ተመሳሳይ ጉዳት አድርሷል።

5. ወስፋትና የኮሶ ትል ዝርያዎች

ብዙ ባለ ውሾች የቡችላን መነፋት የጥጋብ ምልክት አድርገው ይወስዱታል። ጠጉሩ የከሰመ፣ ጎኑ የከሳ፣ ሆዱ ግን የተነፋ ቡችላ አብዛኛውን ጊዜ የወስፋት ተሸካሚ ነው። ቶክሶካራ ካኒስ የተባለው የውሻ ወስፋት ዕጭ በእናቲቱ ሥጋ ውስጥ ተኝቶ ይቆይና በእርግዝናዋ መገባደጃ ነቅቶ ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ ከወሊድ በኋላም በወተት ይተላለፋል። ስለዚህ በንጹሕ ቤት የተወለደ ቡችላም ከወስፋት ነጻ ነው ማለት አይቻልም። በ2ኛው፣ በ4ኛው፣ በ6ኛውና በ8ኛው ሳምንት፣ ከዚያም እስከ 6 ወር በየወሩ መድኃኒት መስጠት የሚመከረው ለዚህ ነው፤ እናቲቱም ከቡችሎቿ ጋር ልትታከም ይገባል።

የወስፋቱ እንቁላል ከዐይነ ምድር እንደ ወጣ ወዲያውኑ አይዛመትም፤ በአፈር ውስጥ ጥቂት ሳምንታት ሲቆይ ነው የሚበስለው። ዐይነ ምድሩን በየዕለቱ አንሥቶ መቅበር የሚያዋጣው ከዚህ የተነሣ ነው። አንድ ጊዜ አፈር ውስጥ ከበሰለ ግን ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ በአፈር የሚጫወቱ ሕፃናት ሲውጡት ዕጩ ጉበትን፣ ሳንባን፣ አንዳንዴም ዐይንን ይጎዳል።

ለኢትዮጵያ ልዩ ትኩረት የሚሻው ኤኪኖኮከስ ግራኑሎሰስ የተባለው ጥቃቅን ትል ነው። በውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖረው ይህ ትል ርዝመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ውሻውንም እምብዛም አያሳምመውም። እንቁላሉን በግጦሽ የሚውጡት በግ፣ ፍየልና ከብት በሳንባቸውና በጉበታቸው ውኃ የቋጠረ ከረጢት ያበቅላሉ። በበዓል ቀን በግቢ በሚታረድ እንስሳ ሳንባ ላይ ከረጢት ሲታይ «ለውሻ ይሁን» ብሎ መወርወር የተለመደ ነው። በዚያች ቅጽበት የትሉ ዑደት ይሟላል። ውሻው ሥጋውን ከበላ ከ6 እስከ 7 ሳምንት በኋላ እንቁላል መጣል ይጀምራል፤ እንቁላሉም በጠጉሩ፣ በእጅ፣ በአትክልትና በውኃ አማካይነት ወደ ሰው ይደርሳል። በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ከረጢቱ ዓመታት ፈጅቶ ሲያድግ መፍትሔው ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይሆናል።

መከላከያው ውድ አይደለም። ከረጢት ያለበትን ሆድ ዕቃ በጥልቅ መቅበር ወይም ማቃጠል፤ ለውሻ የሚሰጥ ሳንባና ጉበት ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ማፍላት፤ ውሻውንም በሐኪም ትእዛዝ በፕራዚኳንቴል ማከም ይበቃል። የእንቁላል መጣያውን ጊዜ ለመቅደም ሕክምናው በየ6 ሳምንቱ ቢደገም ይመረጣል።

6. ምግብ፦ ከገበታ የተረፈ

በማደግ ላይ ያለ ቡችላ ከክብደቱ አንጻር ሲታይ ከትልቅ ውሻ ሁለት እጥፍ ገደማ ኃይል ይፈልጋል፤ ሆዱ ግን ትንሽ ነው። ስለዚህ እስከ 4 ወር ድረስ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ሊመገብ ይገባል። የእንጀራ ፍርፋሪ ብቻ የሚበላ ቡችላ ፕሮቲን ያጥረዋል፤ ሥጋ ብቻ የሚበላ ደግሞ ካልሲየም ያጥረውና አጥንቱ ይለሰልሳል፣ ይጎብጣል። በአንጻሩ እንደ ጀርመን ሸፐርድ ላሉ ትልልቅ ዝርያዎች ያለ ሐኪም ምክር የካልሲየም ክኒን መጨመር የአጥንት ዕድገትን ያዛባል።

በኢትዮጵያ ማእድ ትልቁ ሥውር አደጋ ሽንኩርት ነው። ወጥ ያለ ቀይ ሽንኩርት አይሠራም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት የሚያፈርሱ የድኝ ውሕዶች አሏቸው። መቀቀልና ማቁላላት መርዛማነታቸውን አያጠፋም። ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት በውሻ ደም ላይ ጉልህ ጉዳት ማድረሱ ተረጋግጧል። በዚህ ስሌት ለ5 ኪሎ ቡችላ 75 ግራም፣ ማለትም አንድ አነስተኛ ሽንኩርት፣ ለአደጋ ይበቃል። በየቀኑ የሚሰጥ ትንሽ ትንሽ ፍትፍትም ተጠራቅሞ ሊጎዳ ይችላል። ድዱ የነጣ፣ ሽንቱ የጠቆረና የሚያለከልክ ቡችላ ይህን ማስጠንቀቂያ ያሳያል።

ቸኮሌት፣ ወይን፣ ዘቢብና በማስቲካ ውስጥ የሚገኘው ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫም መርዞች ናቸው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠረ አንጀት ይበሳል። ለሰው የሚታዘዙ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱንም ያጠፋሉ። ለውሻ የሚዘጋጅ ምግብ ሽንኩርት፣ በርበሬና ጨው ሳይገባበት ተለይቶ ቢወጣ፣ ለምሳሌ ሩዝ ወይም ገንፎ ከተቀቀለ ሥጋና ከዕንቁላል ጋር ቢቀርብ፣ ወጪ ሳይጨምር ጉዳቱን ያስቀራል።

7. የገላና የጠጉር ንጽሕና

የውሻ ቆዳ ከሰው ቆዳ የሳሳ ነው፤ የአሲድነት ደረጃውም ከሰው ይለያል። የልብስ ሳሙናና የሰው ሻምፖ የቆዳውን ቅባት ገፈው ያደርቁታል፤ ያሳክከዋል፣ ያኮፋዋል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል። ለውሻ በተዘጋጀ ሻምፖ፣ በለብ ያለ ውኃ፣ በወር አንድ ጊዜ ገደማ ማጠብ ለአብዛኞቹ ይበቃል። ቡችላ የሚታጠበው ፀሐይ ባለበት ሰዓት ሲሆን ወዲያው በፎጣ መድረቅ አለበት። ጠጉሩን በሳምንት ጥቂት ጊዜ መቦረሽ ከመታጠብ ይበልጣል፤ የሞተ ጠጉር ያወጣል፣ መዥገር፣ ቁንጫና እከክ ሳይስፋፉ ያሳያል።

መዥገር በነጭ ጋዝ ወይም በእሳት ሊነቀል አይገባም። በወረንጦ ከቆዳው ጋር አጣብቆ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ፣ ከዚያም ቦታውንና እጅን መታጠብ ትክክለኛው ዘዴ ነው። ቡናማው የውሻ መዥገር ኤርሊኪያ የተባለውን በሽታ ያስተላልፋል፤ ትኩሳት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና ነስር ከምልክቶቹ መካከል ናቸው። ቁንጫም የደም ማነስ ከማስከተሉ ባሻገር አንድ የኮሶ ትል ዝርያ ያስተላልፋል። ለከብት ወይም ለሰብል የተዘጋጀ የተጠናከረ ፀረ ተባይ በግምት በጥብጦ ቡችላን መንከር ግን ከተባዩ የከፋ ነው። የለሐጭ መዝረብረብ፣ የዐይን ብሌን መጥበብና መንቀጥቀጥ የመመረዝ ምልክቶች ናቸው፤ ወዲያው በብዙ ውኃ አጥቦ ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

ጆሮ የሚጸዳው እስከሚታየው ድረስ ብቻ ነው፤ የጥጥ እንጨት ወደ ውስጥ መስደድ ቆሻሻውን ያጠልቀዋል። ጥፍር ሲቆረጥ በውስጡ ያለው የደም ሥር እንዳይነካ ጫፉ ብቻ ይወሰዳል። 28ቱ የወተት ጥርሶች ከ4ኛው እስከ 6ኛው ወር ባለው ጊዜ ተነቅለው በ42 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ፤ በዚህ ጊዜ ዕቃ ማኘኩ ጥፋት ሳይሆን የድድ ሕመም ማስታገሻ ስለሆነ የሚያኝከው ነገር ማቅረብ እንጂ መምታት አይገባም።

8. የመርሐ ግብሩ ጭምቅ

ከልደት እስከ 2ኛው ሳምንት፦ ሙቀት፣ በመጀመሪያው ቀን እንገር፣ የየዕለት ክብደት ክትትል፣ የመጀመሪያ የወስፋት መድኃኒት።

ከ3ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት፦ ለስላሳ ምግብ ማስጀመር፣ በ4ኛው፣ በ6ኛውና በ8ኛው ሳምንት የወስፋት መድኃኒት፣ ከሰው ጋር ማላመድ፣ ከ6ኛው ሳምንት ጀምሮ የመጀመሪያ ክትባት።

ከ8ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት፦ ወደ አዲስ ቤት መሸጋገር፣ ክትባቱን መድገም፣ በጥንቃቄ ከቤት ማውጣት፣ መቦረሽንና መዳሰስን ማስለመድ።

ከ12ኛው እስከ 16ኛው ሳምንት፦ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ የሌሎቹን ክትባቶች ዙር በ16ኛው ሳምንት ማጠናቀቅ፣ ስለ ማምከን ከሐኪም ጋር መመካከር።

በማንኛውም ጊዜ የሰውነት ሙቀቱ ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ካለው ወሰን የወጣ፣ ድዱ የነጣ፣ ቆዳው ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ የማይመለስ፣ ደም የሚያስቀምጠው ወይም ለአንድ ቀን ያልበላ ቡችላ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ሊያየው ይገባል።

9. ማጠቃለያ

የቡችላ አያያዝ የተነጣጠሉ ምክሮች ስብስብ አይደለም። እናቲቱ መከተቧ እንገሩን ያበለጽጋል፤ እንገሩ የክትባቱን ጊዜ ይወስናል፤ የክትባቱ ጊዜ ከማላመጃው ወቅት ጋር ይጋጫል፤ ያልተላመደ ውሻ ይናከሳል፤ ያልተከተበ ውሻ ንክሻ ደግሞ ሕፃን ይገድላል። በበዓል ቀን ወደ ውጭ የተወረወረች ሳንባም በዚያው ሰንሰለት ውስጥ ትገኛለች።

ከዚህ ሁለት ተግባራዊ መደምደሚያዎች ይወጣሉ። የመጀመሪያው ለባለ ውሻ ነው፦ ከ16 ሳምንታቱ በኋላ የሚደረግ ወጪ በነዚያ ሳምንታት የጎደለውን ሙሉ በሙሉ አይተካም፤ ያመለጠ እንገር አይመለስም፣ ያለፈ የማላመጃ ወቅትም በከፊል ብቻ ይካሳል። ሁለተኛው ለእንስሳትና ለሕዝብ ጤና ባለሙያዎች ነው፦ በክትባት ዘመቻ ጣቢያ ልጆች ታቅፈው የሚያመጧቸውን ቡችሎች «አልደረሰም» ብሎ መመለስ የሽፋኑን መጠን ይቀንሳል፤ ልጆቹም ቡችሎቻቸውን በሚቀጥለው ዓመት ይዘው ላይመጡ ይችላሉ። ቡችላውን ያቀፈው ልጅ በበሽታው ከሁሉ በፊት የሚጋለጠው ነውና፣ የዘመቻው ዕቅድ ከእርሱ ቢጀምር ይገባል።